መካነ ኢየሱስ ስንት ዓመቷ ነው? በምሥረታ በዓሉ ሰሞን ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን

የቤተክርስቲያናችንን ምሥረታ በዓል በአጥቢያ ደረጃ ስናከብር ታሪክ ኮሚቴ ውስጥ መድበውኝ ነበር። ታሪክ ኮሚቴ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ሥራው አሮጌ ፎቶ ለቃቅሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍና ከጉባኤ በኋላ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ጠጋ ለሚለው ሁሉ መልስ መስጠት ነው። ሦስት እሁድ እዛ ቆምኩ፣ የሚጠየቀው ነገር ዞሮ ዞሮ ያው ነው፣ ቴሌግራም ግሩፑም ላይ ያው ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ዓመቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው፣ የፈረንጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. ብያለሁ፤ ይሄን ለምን እንደማጠብቀው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይገባችኋል።

እሺ፣ በመጀመሪያ ስንት ዓመቷ ነው?

ከየት እንደምትጀምሩት ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተብላ እንደ አገር አቀፍ ቤተክርስቲያን የተመሠረተችው ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጁ ጃንዋሪ 21፣ 1959። የዛኔ አራት ሲኖዶስና ወደ 20,000 የሚሆን አባል ነበራት። ኬኩ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከዚህ ነው የሚመጣው፣ 50ኛውም በ2001 የተከበረው በዚሁ ሂሳብ ነው። ወለጋ ቦጂ ያለውን ማህበረ ምዕመናን ከጠየቃችሁ ግን ከዚህ ወረቀት በስድሳ ዓመት ግድም ይበልጣል። የስዊድን ሚሲዮናውያን ምፅዋ ከወረዱበት ከ1858 ከጀመራችሁ ደግሞ መቶ ስድሳ ዓመት አካባቢ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ 1951 ማለት ወልደው ከብደው ልጅ ከዳሩ በኋላ ማዘጋጃ ቤት ሄደው እንደፈረሙ ባልና ሚስት ነው፣ ፊርማው ፊርማ ነው፣ ትዳሩ ግን የዛን ቀን አልተጀመረም።

ታዲያ ባነሩ ላይ 1959 ዓ.ም. ለምን ተባለ?

ኧረ ተዉኝ። ጽሑፉን ያዘጋጀው ልጅ ከእንግሊዝኛ ገጽ ላይ 1959 የሚለውን አይቶ አጠገቡ "ዓ.ም." ጨመረበት፣ እኛም ሳናይ ፈረምን፣ ማተሚያ ቤቱም አተመ፣ ቅዳሜ ማታ ደረሰልን፣ ቤተክርስቲያኗን በስምንት ዓመት አሳንሰናት ቁጭ። እሁድ ጠዋት አንዲት እናት በር ላይ ቆመው ቀና ብለው አዩትና "እኔ የተጠመቅኩት በ55 ነው፣ ታዲያ እኔን የት ነው ያጠመቁኝ?" አሉ። መልስ የለንም። ደግነቱ የሚቀየረው የመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ስለነበረች ወንበር ላይ ወጥተን 9ኟ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፈን በማርከር 1 ጻፍንባት። ፎቶውን በደንብ ካያችሁ ያቺ 1 ከሌሎቹ ቀጠን ብላ ትታያለች።

ከ1951 በፊትስ ምን ነበር? እውነት ከሉተር ዘመን ጀምሮ ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ቀዝቀዝ እንበል። እውነት የሆነው ነገር ይሄ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ጀርመን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ የፕሮቴስታንት ተሐድሶን ከጀመረው ከማርቲን ሉተር ጋር ተገናኝቷል፣ ስለ ሃይማኖት ተነጋግረዋል፣ ሲሄድም ሉተር የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎለታል። አስቡት እስቲ፣ በዛ ዘመን፣ መንገድ በሌለበት። ግን ከዛ ጉብኝት የተመሠረተ ቤተክርስቲያን የለም፣ ስለዚህ "ሉተራን ኢትዮጵያ የገባው በ1534 ነው" የሚለውን ፖስት ሼር ማድረግ ይቁም።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ጴጥሮስ ሄይሊንግ የሚባል የሉቤክ ሰው በአፄ ፋሲል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1634 አካባቢ፣ ከአዲሱ ጳጳስ ጋር ከግብፅ ተከትሎ መጣ። ሰውየው ያስተምር ነበር፣ የዮሐንስ ወንጌልንም ወደ አማርኛ እንደመለሰ ይነገራል። እሱም አጥቢያ መሥርቶ አልሄደም።

እኔ ከሁለቱም ይልቅ የሚደንቀኝ መጽሐፉ ነው። አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ተርጉሞ ነበር፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉው ታትሞ ወጣ። ያ መጽሐፍ ሐማሴን ገባ፣ ፀዓዘጋ አካባቢ ያሉ ካህናት በሚገባቸው ቋንቋ ማንበብና መጠየቅ ጀመሩ። ስዊድኖቹ ሲያገኟቸው ሰዎቹ ቀድመው እያነበቡ ነበር። ይሄን ያዙልኝ፣ ታች "የፈረንጅ ሃይማኖት" የሚለው ጥያቄ ላይ እመለስበታለሁ።

ሚሲዮናውያኑ መቼ መጡ ታዲያ?

በ1858፣ ማለትም እ.ኤ.አ. 1866፣ ሦስት ስዊድናውያን ምፅዋ ወረዱ። የላካቸው እ.ኤ.አ. በ1856 የተቋቋመው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ነው። ሐሳባቸው ወደ ኦሮሞ ምድር መዝለቅ ነበር፣ ግን አፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓውያን ጋር የተጣሉበት ሰዓት ነው፣ መንገዱ ዝግ፣ ስለዚህ ኩናማ አገር ገቡ፣ እዛም ወባው ሌላውም ተደማምሮ ብዙ ሰው ሞተባቸው፣ ኋላ ተመልሰው ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ሰፈሩ። የፈለጉት ቦታ ለመድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀ፣ የደረሱትም እነሱ አይደሉም።

እነሱ ካልደረሱ ማን ደረሰ?

እኔ ስለዚህ ሳወራ ረዘም ይላል፣ ሻያችሁን ያዙ።

ኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1856 ግድም የተወለደ ሂካ የሚባል ልጅ ነበር። ሂካ በኦሮምኛ አስተርጓሚ ማለት ነው፣ ስም ወጥቶ ሥራ ሲከተለው እንዲህ ነው። ገና ሕፃን ሆኖ የባሪያ ነጋዴዎች ሰረቁት፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምፅዋ ደረሰ፣ እዛ እ.ኤ.አ. በ1870 ሙንዚንገር የሚባለው የስዊስ ሰው ነፃ አወጣውና ለስዊድን ሚሲዮን ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1872 ተጠመቀ፣ ስሙም ኦኔሲሞስ ተባለ። ኦኔሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው ባሪያ ነው፣ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈለት፣ ስሙን ያወጣው ሰው አስቦበታል። ከዛ ስዊድን አገር ዮሐንስሉንድ ሄዶ ተምሮ ተመለሰ።

አገሩ ለመግባት ደጋግሞ ሞከረ። በሱዳን በኩል ሄደው ታመው ተመለሱ፣ በሸዋ በኩል መጥተው እንጦጦ ላይ አትሄዱም ተባሉ። ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጣል፣ እሳቸው ግን (ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው፣ አድገዋል) እምኩሉ ቁጭ ብለው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመሩ። አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893 ታተመ፣ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱሱ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ቅድስት ክሪሾና በሚባል ቦታ ታተመ። ፊደሉ የግዕዝ ፊደል ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘላት ሴት አለች፣ አስቴር ጋኖ። እሷም በልጅነቷ ለባርነት ተሸጣ ወደ ዓረብ አገር በጀልባ ስትጫን የጣሊያን መርከብ ያስጣላት ነች፣ እ.ኤ.አ. በ1886፣ እምኩሉም የደረሰችው እንደዛ ነው። ኦኔሲሞስ ከቤታቸው በሕፃንነት ስለወጡ ቋንቋው እንደልብ አልነበራቸውም፣ አስቴር ግን አፏን የፈታችበትን ኦሮምኛ ይዛው ነበር የመጣችው። ወደ 15,000 የሚሆን ቃል ሰበሰበች፣ ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ ዘፈኑን ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች፣ እ.ኤ.አ. በ1894 የወጣው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ የሁለቱ ሥራ ነው። እኛ ፎቶ ግድግዳው ላይ መጀመሪያ ኦኔሲሞስን ብቻ ነበር የለጠፍነው፣ አንዲት የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን "አስቴርስ?" ብላ ቆማ አላንቀሳቅስም አለች፣ ልክ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1904 ኦኔሲሞስም አስቴርም ነቀምቴ ገቡ። የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በክብር ተቀበሏቸው። በሚገባ ቋንቋ ይሰብኩ ስለነበር ሰው ወደዳቸው፣ ካህናቱ ደግሞ ከሰሷቸው፣ ነገሩ አዲስ አበባ አቡነ ማቴዎስ ድረስ ደረሰ፣ አፄ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ቢፈቅዱም ለብዙ ዓመት በነፃነት አልሰበኩም፣ ፈቃዱ የመጣው በልጅ ኢያሱ ጊዜ ነው። በኛ አቆጣጠር በ1923 እዛው ነቀምቴ አረፉ።

ቦጂ ቦጂ የምትሉት ለምንድነው?

ከኦኔሲሞስም በፊት ወለጋ የደረሱት ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ናቸው። የሐማሴን ሰው፣ የተዋሕዶ ቄስ የነበሩ፣ ከላይ ካልኳችሁ መጽሐፍ አንባቢዎች ወገን። እ.ኤ.አ. በ1898 ግድም ከባርነት ነፃ ከወጣው ኦሮሞ ከዳንኤል ደባላ ጋር ሆነው ቦጂ ገቡ፣ እዛ ማስተማር ጀመሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 እሳት ተነስቶ በእሳቱ ሞቱ። እንግዲህ ሐማሴኔው ቄስና ነፃ የወጣው ኦሮሞ ናቸው የመጀመሪያውን ወንጌላዊ ማህበር ወለጋ ላይ የተከሉት፣ አንድ ስዊድናዊ አብሯቸው የለም። ቄስ ጉዲና ቱምሳም የተወለዱት እዛው ቦጂ ነው።

አዲስ አበባስ?

ካርል ሴደርክዊስት የሚባል ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1904 ገባ፣ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 እስኪሞት እዚሁ ኖረ። ትምህርት ቤቱ ነው ሰውን ያሰባሰበው፣ ጠዋት ፊደል የሚቆጥረው ሰው ማታ ጸሎት ላይ ይገኛል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ማህበሩ ሆነ።

ሌሎቹ ሚሲዮኖችስ የቶቹ ናቸው?

ፈጠን ፈጠን አድርጌ ልበለው። ጀርመኖቹ (ሄርማንስቡርግ) በእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ መጨረሻ አይራ። ኖርዌዮቹ የቻይናው በር ሲዘጋባቸው እ.ኤ.አ. በ1948 ደቡብ፣ ይርጋዓለም ሆስፒታል የነሱ ሥራ ነው። አይስላንዶቹ እ.ኤ.አ. በ1954 ኮንሶ፣ አይስላንድን የሚያህል ብርዳም አገር ትቶ ኮንሶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ቀላል አይደለም። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1957 ወሎ። ለዚህ ነው አንዱ አጥቢያ ከሌላው በመዝሙሩም በሥርዓቱም ትንሽ ትንሽ የሚለየው።

የጣሊያን ጊዜ ሁሉም ተባረሩ አይደል፣ ቤተክርስቲያኑ እንዴት አልጠፋም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔ ደግሞ መልሱን እወደዋለሁ። ከ1928 በኋላ ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን አብዛኛውን አስወጣ፣ ግቢዎቹም ተወሰዱ፣ በቃ አለቀ ተብሎ ነበር። ኢትዮጵያውያኑ ራሳቸው ሰበኩ፣ ራሳቸው ሰበሰቡ። ደምቢዶሎ በኩል ያሉትን ቄስ ጊዳዳ ሶለንን ውሰዱ፣ በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን አጥፍቶት የነበረ ሰው ናቸው፣ በምሪት እየሄዱ ወንጌል ይሰብኩ ነበር፣ እሳቸውና ጓዶቻቸው ናቸው ያንን ሕዝብ በጠላት ጊዜ የያዙት። (አዎ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ አባት ናቸው፣ ይሄም በየሳምንቱ ይጠየቃል።) ያኛው ወገን ግን ሉተራን አልነበረም፣ ከአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን የመጣ ነው፣ ቤቴል ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ነው ከመካነ ኢየሱስ ጋር አንድ የሆነው። ወላይታ ላይ በዛው ዘመን የሆነው ትልቅ ነገር ደግሞ የቃለ ሕይወት ታሪክ ነው፣ አትቀላቅሉት።

ከድል በኋላ ፈረንጆቹ ሲመለሱ ሌላ ሰው ነው ያገኙት። ትተውት የሄዱት ተማሪ ነበር፣ ሲመለሱ ሽማግሌ ሆኖ ጠበቃቸው። ወንጌላውያኑ እ.ኤ.አ. ከ1944 ጀምሮ ጉባኤ እየጠሩ የራሳችን ቤተክርስቲያን ይኑረን እያሉ ይመክሩ ነበር፣ በዛው ዓመት መንግሥትም ሚሲዮን የትኛው አካባቢ ይሰብካል የትኛው አይሰብክም የሚል አዋጅ አወጣ። 1951 የዚህ ሁሉ ምክር መጨረሻ ነው።

"መካነ ኢየሱስ" የሚለው ስም ከየት መጣ? ለምን ሉተራን አይልም?

ስሙ መጀመሪያ የአዲስ አበባው ማህበረ ምዕመናን ስም ነበር፣ በ51 አገር አቀፏ ቤተክርስቲያን ወሰደችው። ኢየሱስ ያለበት ስፍራ ማለት ነው። ጉግል ላይ ስትፈልጉ ደቡብ ጎንደር እስቴ ያለችው ከተማ ከመጣችባችሁ እሷ ሌላ ነች።

ሉተራን የሚለው ቃል ስሟ ውስጥ የለም፣ እምነቷ ግን ሉተራን ነው፣ የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫን ትቀበላለች፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮም የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባል ነች። ስሙ ውስጥ አለመግባቱን እኔ ጥሩ ነው ባይ ነኝ፣ የጀርመን መነኩሴ ስም ይዞ ሰፈር ውስጥ መዞር አያስፈልግም።

ሰፈር ውስጥ "የፈረንጅ ሃይማኖት ነው" ሲሉኝ ምን ልበል?

በመጀመሪያ አትጣላ። ስዊድኖቹ ብር አምጥተዋል፣ ሆስፒታል ሠርተዋል፣ ትምህርት ቤት ከፍተዋል፣ መቃብራቸውም እዚህ የቀረ አለ፣ ይሄን መካድ ውለታ መብላት ነው። ግን አማርኛውን የተረጎመው አቡ ሩሚ፣ ኦሮምኛውን የተረጎሙት ኦኔሲሞስና አስቴር፣ ቦጂ የገቡት ገብረ ኤዎስጣቴዎስ፣ በጣሊያን ጊዜ የያዙት እነ ቄስ ጊዳዳ። ከነዚህ ውስጥ ፈረንጁን አሳየኝ በሉት። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ገናን ታኅሣሥ 29 ነው የምናከብረው እንደ አገሩ ሰው፣ ዲሴምበር 25 ብሎ የሚጠይቀን ሰው አሁንም አለና።

የንጉሡ ሚኒስትር ነው አሉ የመራት?

አዎ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አቶ አማኑኤል ገብረ ሥላሴ ነበሩ፣ ከሳቸው ቀጥሎ አቶ አማኑኤል አብርሃም እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1985 መሩ። ስማቸው ስለሚመሳሰል ሰው ሁልጊዜ ያደባልቃቸዋል። ሁለተኛው አማኑኤል ለንደን አምባሳደር የነበሩ፣ ኋላም የመገናኛና የማዕድን ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው። ሰኞ እስከ አርብ ሚኒስትር፣ እሁድ የቤተክርስቲያን መሪ ማለት ነው፣ ያውም ቄስ ሳይሆኑ ምዕመን ሆነው። ደርግ ሲመጣ ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ እንደገና መሩ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2016 አረፉ።

ቄስ ጉዲናን ማን ገደላቸው? ለምን?

ደርግ ነው። ለምን የሚለው ደግሞ ሰውየውን ካላወቅን አይገባም። ነቀምቴ የስዊድኖቹ ሆስፒታል ውስጥ ሲሠሩ የነበሩ ልጅ ናቸው፣ ኋላ ቄስ ሆኑ፣ አሜሪካ ሄደው ቲዎሎጂ ተማሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የቤተክርስቲያኗ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በሳቸው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ቤተክርስቲያኗ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ፍሬ ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ እናንተ ለጉድጓድ ውሃና ለክሊኒክ ብር ትሰጣላችሁ ለወንጌል ስንጠይቅ ግን እጃችሁ ያጥራል፣ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ ለሁለት አትክፈሉብን፣ የኛ ሰው ሙሉ ሰው ነው ነው የሚለው። ከደሃ አገር ቤተክርስቲያን ለረጂ እንዲህ ተብሎ መጻፉ በዛ ዘመን ያልተለመደ ነገር ነበር። ሁለንተናዊ አገልግሎት የምንለው ነገር ሥሩ እዚህ ነው።

ደርግ ቤተክርስቲያኗ የሥርዓቱ አፍ እንድትሆን ፈለገ፣ እሳቸው አልሆን አሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ አሰሯቸው። ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፣ መንጋዬን ትቼ የት እሄዳለሁ ብለው እምቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971፣ ቅዳሜ ቀን ነው፣ ዑራኤል መካነ ኢየሱስ ከነበረው ፕሮግራም ከባለቤታቸው ጋር ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፣ በዛው ሌሊት ተገደሉ። ቤተሰብ ግን አልተነገረውም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ታሰሩ። አስከሬኑ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፣ በ1984 በክብር ተቀበሩ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሞቱ ተብሎ ያልተለቀሰላቸው ሰው ናቸው። ፎቶአቸው ፊት ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ሰው ረዘም ያለ ጊዜ የሚቆመው ለዚህ ይመስለኛል።

ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ የኛ ነበር እንዴ?

የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ነበር፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ እስከ ሩቅ አገር በብዙ ቋንቋ ያስተላልፍ ነበር። በየካቲት 1955 ጃንሆይ መርቀው ከፈቱት፣ በመጋቢት 1969 ደርግ ወሰደው። አባቶቻችን ዜና ሲፈልጉ እሱን ነበር የሚከፍቱት።

ሉተራን ከሆነች ለምን እያጨበጨብን በልሳን እንጸልያለን?

ፈረንጅ እንግዳ ሲመጣም መጀመሪያ ግራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ1960ዎቹ በተማሪው መሀል መነቃቃት ሲነሳ ሌላ ቦታ ልጆቹ እየተባረሩ ወጥተው የራሳቸውን ሠሩ፣ መካነ ኢየሱስ ግን ብዙ ክርክር ካደረገች በኋላ ልጆቿን ቤት ውስጥ አቆየቻቸው። ለዚህ ነው በአንድ እሁድ ጠዋት ቀሚስ የለበሰ ቄስ ሥርዓተ አምልኮ እያነበበ ከዛ ኪቦርዱ ተነስቶ ሰው እጁን ሲያነሳ የምታዩት። ሕፃናት እናጠምቃለን፣ አጋንንትም እናስወጣለን። ሽማግሌዎቹ ድምፁ በዛ ይላሉ፣ ወጣቶቹ ሥርዓቱ ረዘመ ይላሉ፣ ሁለቱም ግን ከቤቱ አልወጡም።

በዓለም ትልቋ ሉተራን ቤተክርስቲያን ነች የሚባለው እውነት ነው?

ከ10 ሚሊዮን በላይ አባል አላት፣ ከፌዴሬሽኑ አባል ቤተክርስቲያኖች በቁጥር ትልቋ ነች። 20,000 ብላ የጀመረች ነች፣ በአንድ ሰው ዕድሜ።

ከስዊድኖቹ ጋር ተጣላን?

እ.ኤ.አ. በ2013 ጠቅላላ ጉባኤው የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ከተቀበሉት ከስዊድን ቤተክርስቲያንና ከአሜሪካዋ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተክርስቲያን ጋር ቤተክርስቲያናችን የነበራትን ኅብረት አቋረጠ። በ1858 ሰው የላከልን ሚሲዮን ደግሞ እዛው ስዊድን ቤተክርስቲያን ውስጥ ያለ ንቅናቄ ነው፣ ስለዚህ ነገሩ ቀላል አልነበረም። በር ላይ ቆሜ ስጠየቅ ከዚህ በላይ አልገባበትም፣ የሻዩ ሰዓት አጭር ነው።

እኛም አጥቢያ በዓል ሊያከብር ነው፣ ታሪኩን ለመጻፍ ከየት እንጀምር?

ከጥምቀት መዝገቡ። የኛ መዝገብ ቁምሳጥን ውስጥ ከአሮጌ መዝሙር ደብተርና ከተሰበረ ማይክ ሥር ነው የተገኘው፣ ጀርባው ተገንጥሏል፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች በወይን ጠጅ ቀለም የተጻፉ ናቸው፣ አንዱ ገጽ ላይ ውሃ ፈሶበት ስሞቹ ተያይዘው ሄደዋል። ዛሬውኑ በስልካችሁ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱት፣ ነገ አትበሉ። ቀኑ በኛ ይሁን በፈረንጅ አጣሩ፣ አንድ መዝገብ ላይ ሁለቱም ተቀላቅሎ ታገኛላችሁ፣ የጻፈው ሰው ሲለወጥ አቆጣጠሩም ይለወጣል (ባነሩን አስታውሱ)።

ከዛ አሮጌ ፎቶ አትማችሁ እናቶች ጋ ሂዱ። ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነው ምናምን አትበሉ፣ ዝም ይላሉ። ፎቶውን እጃቸው ላይ አስቀምጡና ቡና እስኪፈላ ጠብቁ። እኛ አንድ የግቢ ፎቶ ነበረን፣ መሀል ላይ አንድ ስዊድናዊ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ዙሪያውን ሃያ ምናምን ሰው ቆሟል፣ ከጀርባው የስዊድናዊው ስም ብቻ ነው የተጻፈው። ያቺ "የት ነው ያጠመቁኝ" ያሉት እናት መነፅራቸውን አድርገው በጣታቸው ከግራ እየጀመሩ ነገሩን፣ ይሄ የውሃ ቀጂው ልጅ ነው ኋላ አስተማሪ ሆነ፣ ይቺ ዳቦ የምትጋግረው ነች፣ ይሄ ዘበኛው ነው በደርግ ጊዜ ቁልፉን ደብቆ ያስቀመጠው እሱ ነው፣ ይቺ እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ሰው ስም ጠሩ። ሦስቱን አላወቋቸውም፣ አንዷን ደግሞ "ቆይ ትመጣልኛለች" ብለው ተዉአት።

ሐሙስ ማታ ደውለው ስሟን ነገሩኝ።